ያገለገለ የተራራ ስኖሞቢል አያያዝ፤ አየር፣ ነዳጅና ዘይት በባለ ሁለት ምት ሞተር ውስጥ



ስኖሞቢል በፊቱ ሁለት ስኪዎች፣ በኋላው አንድ ሰፊ የጎማ ሰንሰለት ያለው፣ በበረዶ ላይ የሚሄድ የሞተር ተሽከርካሪ ነው። በኢትዮጵያ ምድር ይህን መሣሪያ የሚጠይቅ በረዶ የለም። ሆኖም የነገሩ ፍሬ በበረዶው ላይ ሳይሆን በሞተሩ ላይ ነው። ሞተሩ ባለ ሁለት ምት ነው፤ የሚሠራው በከፍተኛ ተራራ ላይ ነው፤ ባለቤቱም ብዙውን ጊዜ ሁለተኛው ወይም ሦስተኛው ነው። አዲስ አበባን በመሰለች፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ በቆመች ከተማ ሞተር ሲያስተካክሉ ለኖሩ መሐንዲሶች ሳሳ ያለ አየር የሚያመጣው መዘዝ እንግዳ ነገር አይደለም። በኮሎራዶ ወይም በአልበርታ ኑሯቸውን ለመሠረቱ ኢትዮጵያውያን ባለሙያዎች ደግሞ ማሽኑ ራሱ በበጋ ወራት ሸራ ለብሶ በጎረቤት ግቢ የሚታይ ነው።

የዚህ ንግግር ጭብጥ አንድ ነው። ያገለገለ ባለ ሁለት ምት የተራራ ስኖሞቢል ከማርጀቱ የተነሣ ከሚበላሽበት ጊዜ ይልቅ፣ ወደ ሞተሩ በሚገቡት ሦስት ነገሮች፣ ማለትም በአየር፣ በነዳጅና በዘይት መካከል ያለው መጠን በመዛባቱ የሚበላሽበት ጊዜ ይበዛል። መጠኑን ያዛባው ብዙ ጊዜ የቀድሞው ባለቤት ሲሆን፣ ዕዳውን የሚከፍለው ገዢው ነው።

የማሽኑ ልደት ከችግር የመነጨ መሆኑን ማስታወስ ይጠቅማል። በካናዳ፣ በኩቤክ ክፍለ ሀገር፣ ቫልኩር በምትባል ትንሽ ከተማ ጋራዥ የነበራቸው ጆሴፍ አርማን ቦምባርዲዬ እ.ኤ.አ. በ1934 የሁለት ዓመት ልጃቸው ታሞ፣ መንገዱ ሁሉ በበረዶ ተዘግቶ ስለ ነበር ሐኪም ቤት ሳያደርሱት ሞተባቸው። በበረዶ ላይ የሚሄድ ተሽከርካሪ የመሥራት ሐሳብ ከልጅነታቸው ጀምሮ የነበራቸው እኚህ ሰው እ.ኤ.አ. በ1937 የሰንሰለቱንና የጥርስ ጎማውን አሠራር በፓተንት አስመዘገቡ፤ እ.ኤ.አ. በ1959 ደግሞ «ስኪ-ዱ» የተባለውን ቀላል ስኖሞቢል ለገበያ አቀረቡ። በአሜሪካ በሚኔሶታ፣ ሮዞ በተባለች ከተማ ፖላሪስ የተባለው ድርጅት ከዚያ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ የራሱን መሥራት ጀምሮ ነበር። የመጀመሪያዎቹ ማሽኖች የተሠሩት ለሜዳና ለጫካ መንገድ ነው። ለተራራ ተብሎ የተለየው ዓይነት የተስፋፋው ከ1990ዎቹ ወዲህ ሲሆን፣ ሰንሰለቱ ረዥም ነው፤ ዛሬ ወደ 4 ሜትር የሚደርስ ዙሪያ ያለው የተለመደ ነው። በሰንሰለቱ ላይ የሚቆሙት የጎማ ጥርሶችም ከ6 እስከ 7 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ስላላቸው እንደ ዱቄት የላላውን በረዶ እየቀዘፉ ይወጡታል።

እንዲህ ባለው በረዶ ላይ ክብደት ጠላት ነው። ባለ አራት ምት ሞተር ነዳጅ ቆጣቢና ጸጥተኛ ቢሆንም፣ እኩል ጉልበት ለመስጠት የበለጠ ክብደት ይሸከማል። በመኪናና በሞተር ብስክሌት ዓለም ከሞላ ጎደል የተተወው ባለ ሁለት ምት ሞተር በተራራ ስኖሞቢል ላይ እስከ ዛሬ የነገሠውም በዚህ ምክንያት ነው። የአዲሱ ማሽን ዋጋ ብዙውን ጊዜ ከ15 ሺህ የአሜሪካ ዶላር በላይ ስለሆነ፣ ወጣቱና ደመወዝተኛው የሚገዛው ያገለገለውን ነው።

ወደ ሞተሩ እንግባ። በባለ አራት ምት ሞተር ውስጥ ዘይቱ ከበታች በሚገኘው ገንዳ ተቀምጦ፣ በፓምፕ እየተዟዟረ፣ ደጋግሞ ያገለግላል። በባለ ሁለት ምት ሞተር ግን የክራንክሻፍቱ ቤት የዘይት ገንዳ አይደለም፤ የአየርና የነዳጅ ድብልቅ መተላለፊያ ነው። ፒስተኑ ሲወጣ ድብልቁን ወደ ክራንክሻፍቱ ቤት ይስባል፤ ሲወርድ ገፍቶ በሲሊንደሩ ጎን ባሉት በሮች ወደ ላይ ያሳልፈዋል። ዘይቱም ከዚሁ ድብልቅ ጋር አብሮ ይገባል፤ ኩሽኔታዎቹን፣ የፒስተኑን ጎንና ፋሻዎቹን አልፎ አልፎ እየነካካ ያልፍና ይቃጠላል። ተመልሶ የሚመጣ ዘይት የለም። በደቂቃ 8,000 ጊዜ በሚሽከረከር ሞተር ውስጥ እያንዳንዱ ሲሊንደር በሰከንድ ከ130 ጊዜ በላይ ይተኩሳል፤ በእያንዳንዱ ዙር መካከል የሚለሰልሰው በዚያች ቅጽበት በደረሰው የዘይት ጭጋግ ብቻ ነው። ፒስተኑን ከሲሊንደሩ ግድግዳ የሚለየው ክፍተት ከአንድ ሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛው ገደማ ነው።

ከዚህ አሠራር ሁለት ነገሮች ይከተላሉ። አንደኛ፣ ነዳጁ ራሱ ሞተሩን ያቀዘቅዛል፤ ነዳጅ ሲያንስ ሙቀት ይጨምራል። ሁለተኛ፣ ሞተሩ ከመሞቱ በፊት የሚሰጠው ማስጠንቀቂያ እጅግ ጥቂት ነው። እንደ መኪና የዘይት ግፊት መብራት አብርቶ ጊዜ አይሰጥም። ከአየሩ ጋር ሲነጻጸር ነዳጁ ያነሰበት፣ ማለትም የሳሳ ድብልቅ የደረሰው ሞተር፣ የሚያሳዝነው ነገር፣ ከመንከሱ ጥቂት ሰከንዶች በፊት ከመቼውም የተሻለ የሚጎትት ይመስላል። ነጂው ይደሰታል፤ ነዳጅ መስጫውን ይበልጥ ይጫናል፤ ከዚያም የአሉሚኒየሙ ፒስተን አናት ይቀልጣል፣ ወይም ጎኑ ከሲሊንደሩ ጋር ይጣበቃል። በአንጻሩ ነዳጅ የበዛበት፣ የወፈረ ድብልቅ ሞተሩን ያስነጥሰዋል፤ ካንዴላውን ያጠቁራል፤ ጉልበት ይቀንሳል፤ ግን አይገድለውም። ሁለቱ ስሕተቶች እኩል አይደሉም። ከሁለት አንዱን መምረጥ ግድ በሆነ ጊዜ ሁልጊዜ የሚመረጠው የወፈረው ነው።

የከፍታው ጉዳይ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። አየር ከባሕር ወለል በራቀ ቁጥር ይሳሳል። በ3,000 ሜትር ላይ የአየሩ እፍጋት በባሕር ወለል ካለው 74 ከመቶ ገደማ ነው። ስለዚህም 150 የፈረስ ጉልበት የሚባለው ሞተር በዚያ ከፍታ ላይ ወደ 110 ይወርዳል። ይህን ኪሳራ ለመመለስ ተርቦ የተገጠመላቸው የፋብሪካ ባለ ሁለት ምት ሞተሮች የወጡት በቅርቡ ነው፤ ስኪ-ዱ እ.ኤ.አ. ለ2020 ሞዴል ያወጣው 850 ሲሲ ተርቦ 165 የፈረስ ጉልበቱን እስከ 2,438 ሜትር ድረስ እንደሚጠብቅ ተነግሮለታል። ይህ ከፍታ ከአዲስ አበባ ከፍታ ጋር የሚቀራረብ መሆኑ ለዚህ አዳራሽ ታዳሚ ፈገግ የሚያሰኝ ነው።

ጉልበት መቀነሱ ግን ቀላሉ ችግር ነው። ከባዱ የድብልቁ መለዋወጥ ነው። ካርቡራተር ባለበት ሞተር ላይ ነዳጁን የሚወስነው ጄት የሚባለው፣ በመካከሉ የተለካ ቀዳዳ ያለው ትንሽ የናስ ቡሎን ነው። አየሩ ሲሳሳ ቀዳዳው ግን ስለማይጠብ ድብልቁ ይወፍራል፤ የተራራ ነጂ በዚህ ምክንያት ትልቁን ጄት አውጥቶ ትንሹን ይገጥማል፤ ሞተሩም በከፍታው ላይ ያማረ ይሆናል። አደጋው መውረጃው ላይ ነው። በብሪቲሽ ኮሎምቢያ የምትገኘውን ሬቨልስቶክን እንመልከት። ከተማዋ ያለችው 480 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ ነጂዎች የሚጫወቱባቸው የተራራ ሜዳዎች ደግሞ ወደ 2,200 ሜትር ይደርሳሉ። በካርቡራተር ውስጥ የአየሩ ክብደት እንደ እፍጋቱ ሲጨምር፣ የነዳጁ ግን የሚጨምረው እንደ እፍጋቱ ካሬ ሥር ብቻ ነው። ለላይኛው ከፍታ በልክ የተስተካከለ ሞተር ወደ ከተማዋ ሲወርድ ድብልቁ 9 ከመቶ ገደማ ይሳሳል። በዚህ ላይ በማግስቱ ጠዋት ብርዱ ከዜሮ በታች ከ5 ዲግሪ ወደ 25 ዲግሪ ከወረደ፣ አየሩ የበለጠ ስለሚታፈግ ሌላ 4 ከመቶ ይታከልበታል። በድምሩ 13 ከመቶ የሳሳ ድብልቅ ይዞ ከመኪና ማቆሚያው ተነሥቶ በሙሉ ነዳጅ ለሚበር ሞተር ይህ የሞት ፍርድ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በካርቡራተር ዘመን በአዲስ አበባ አየር ተስተካክላ ወደ አዋሽ ቆላ የወረደች መኪናም በመጠኑ ያው ዕጣ ነበራት፤ ልዩነቱ መኪናዋ ባለ አራት ምት በመሆኗ ትታገሥ ነበር።

እንግዲህ ያገለገለ ስኖሞቢል የገዛ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው ጥያቄ «ስንት ኪሎ ሜትር ሄዷል?» የሚለው ሳይሆን «የት ከፍታ ላይ ሲነዳ ኖሯል?» የሚለው መሆን አለበት። በዋዮሚንግ የቶግዎቲ ማለፊያ 2,940 ሜትር ገደማ ላይ የኖረ ማሽን በሚኔሶታ ሜዳ ላይ ለተገዛ ጊዜ፣ በካርቡራተሩ ውስጥ ያሉት ጄቶች የተራራ ጄቶች ናቸው። ሻጩ ይህን ሳይናገር የሚቀረው በተንኮል ሳይሆን ረስቶት ሊሆን ይችላል። ካርቡራተሩ ተፈትቶ፣ በእያንዳንዱ ጄት ላይ የተቀረጸው ቁጥር ተነቦ፣ ከፋብሪካው የከፍታና የሙቀት ሠንጠረዥ ጋር መመሳከር አለበት። ይህ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። ነዳጅ በኤሌክትሮኒክ የሚረጭባቸው ሞተሮች የአየሩን ግፊትና ሙቀት እየለኩ ራሳቸውን ስለሚያስተካክሉ ጭንቀቱ ይቀንሳል፤ ነገር ግን የቀድሞው ባለቤት ማርሚታውን ቀይሮ፣ በሽቦው መካከል ነዳጅ የሚቀንስ ወይም የሚጨምር ትንሽ ሳጥን ሸጉጦ እንደሆነ ኮምፒዩተሩ የሚያምነው የተዋሸውን ነው። ከፋብሪካ ያልወጣ ነገር ሁሉ፣ ምንም ያህል ዋጋ የወጣበት ቢሆን፣ ምክንያቱ እስኪታወቅ ድረስ በጥርጣሬ መታየት ይገባዋል።

ከዚህ በኋላ ምርመራው ይቀጥላል። ብዙ ገዢዎች የሚያውቁት የእመቃ ግፊት ልኬትን ብቻ ነው። ካንዴላዎቹ ወጥተው፣ ነዳጅ መስጫው ሙሉ በሙሉ ተከፍቶ፣ ሞተሩ ሞቅ ብሎ ይለካል። በዚህም ላይ ከፍታው ያታልላል። በባሕር ጠረፍ 9 ባር የሚያሳይ ጤነኛ ሞተር በ2,400 ሜትር ላይ 6.7 ባር ገደማ ነው የሚያሳየው፤ ይህን የማያውቅ ሰው ደህናውን ሞተር አርጅቷል ብሎ ይጥላል፤ አለዚያም በጠረፍ የተለካውን የደከመ ሞተር ደህና ነው ብሎ ይገዛል። ከቁጥሩ ይልቅ በሁለቱ ሲሊንደሮች መካከል ያለው ልዩነት የበለጠ ይናገራል፤ ልዩነቱ ከ10 ከመቶ ካለፈ ሞተሩ መከፈት አለበት።

ሆኖም ጥሩ እመቃ ያለው ሞተርም በማግስቱ ሊነክስ ይችላል፤ የእመቃ ልኬት ከፒስተኑ በላይ ያለውን እንጂ በታች ያለውን አያሳይምና። የክራንክሻፍቱ ቤት በሁለቱ ጫፎች በማሸጊያ ጎማዎች ተዘግቷል። እነዚህ ጎማዎች በዕድሜ ይደርቃሉ፤ በተለይ ማሽኑ ለዓመታት ሳይነሣ ቆሞ እንደሆነ ይሰነጠቃሉ። በስንጥቁ የሚገባው አየር በካርቡራተሩ ያላለፈ፣ ነዳጅም ዘይትም የሌለው ባዶ አየር ነው፤ ስለዚህ በዚያ ጎን ያለውን ሲሊንደር ብቻ ለይቶ ያሳሳዋል። ይህን የሚያጋልጠው ፍተሻ እጅግ ቀላል ሆኖ ሳለ ጥቂቶች ብቻ ናቸው የሚያደርጉት። የአየር መግቢያውና የጭስ መውጫው በጎማ ውታፍ ይዘጋሉ፤ በእጅ ፓምፕ 0.4 ባር ገደማ አየር ይሞላል፤ መለኪያው ለጥቂት ደቂቃዎች ይታያል። መርፌው ከወረደ በየመጋጠሚያው የሳሙና ውኃ ሲቀባ አረፋው ቦታውን ይናገራል። መለኪያ ለሌለው ሰው አንድ ምልክት አለ፤ ነጂው ነዳጅ መስጫውን ለቆ ሳለ ሞተሩ ወዲያው ካልረገበና ዙሩ ከፍ እንዳለ ከቆየ፣ ከየት እንደሚገባ ያልታወቀ አየር አለ ማለት ነው። የዚህ ዓይነት ማሽን ከጋራዥ መውጣት የለበትም።

ጭስ መውጫውን ለማየት ማርሚታውን አውልቆ በበሩ ውስጥ በባትሪ መብራት መመልከት ሌላው ጠቃሚ ነገር ነው። የፒስተኑ ጎን ንጹሕና ለስላሳ ከሆነ መልካም ነው፤ ቁልቁል የተጫሩ መስመሮች ካሉበት ሞተሩ ቀድሞ ነክሶ የተላቀቀ ነው። የአብዛኞቹ ሲሊንደሮች ግድግዳ በአሉሚኒየም ላይ የተለበጠ የኒኬልና የሲሊኮን ካርባይድ ስስ ንጣፍ በመሆኑ፣ እንደ ድሮው ብረት ሲሊንደር አስፍቶ ትልቅ ፒስተን መክተት አይቻልም፤ ወይ እንደገና ይለበጣል፣ ወይ ይቀየራል። በአየር መግቢያው በኩል ያሉት እንደ ምላስ የሚከፈቱና የሚዘጉ ስስ ባልቦላዎችም ጫፋቸው የተሸረፈ እንዳይሆን በብርሃን ፊት ተይዘው ይታያሉ።

የዘይቱ ነገር ብዙ መባል አለበት። በአብዛኞቹ ማሽኖች ላይ ዘይቱ በተለየ ታንከር ተቀምጦ በፓምፕ ይሰጣል። የቆዩት ፓምፖች ከነዳጅ መስጫው ጋር በሽቦ ገመድ የተያያዙ ናቸው፤ በፓምፑ ሌቫና በአካሉ ላይ ያሉት ሁለት ምልክቶች የጥገና መጽሐፉ በሚያዘው መሠረት ፊት ለፊት መገጣጠም አለባቸው። ገመዱ በዕድሜ ሲረዝም ፓምፑ ይዘገያል፤ ነጂው ሙሉ ጉልበት ሲጠይቅ ዘይቱ የሚመጣው በግማሽ ነው። አንዳንድ ባለቤቶች ፓምፑን ባለማመን አውጥተው ጥለው ዘይቱን በቤንዚኑ ውስጥ በእጃቸው ይቀላቅላሉ። ይህ በራሱ ስሕተት አይደለም። አዲሱ ገዢ ሳይነገረው የዘይት ታንከሩ ሙሉ መሆኑን አይቶ ንጹሕ ቤንዚን የቀዳ እንደሆነ ግን ሞተሩ በጥቂት ኪሎ ሜትር ውስጥ ያበቃል። ስለዚህ ከታንከሩ የሚወጣው ቱቦ ፓምፑ ድረስ፣ ከፓምፑም ሞተሩ ድረስ በጣት እየተከተሉ መታየት አለበት። ቱቦው ተፈትቶ ከነበረ በውስጡ የቀረው የአየር አረፋ እስኪወጣ ድረስ መድማት አለበት፤ እስከዚያውም በመጀመሪያው ታንከር ቤንዚን ውስጥ ጥቂት ዘይት መጨመር የሚደገፍ ጥንቃቄ ነው።

ከሁሉ የሚበልጠው መሣሪያ ግን እርሳስና ደብተር ነው። በየቀኑ ማታ የተቀዳው ቤንዚንና የተጨመረው ዘይት በሊትር ይጻፋል። በብዙዎቹ ቆየት ያሉ ሞተሮች ላይ አንድ ሊትር ዘይት ከ30 እስከ 50 ሊትር ቤንዚን ጋር ያልቃል፤ በአዲሶቹ ቀጥታ መርጫዎች ላይ ከዚያ ያንሳል። ዋናው ነገር የማሽኑ የራሱ ልማድ ምን እንደሆነ ማወቅ ነው። ዘይት መብላቱ ሲጨምር ባለቤቱ ይቆጣል፤ ሲቀንስ ግን «ቆጣቢ ሆነ» ብሎ ይደሰታል። ሊደነግጥ የሚገባው በሁለተኛው ጊዜ ነበር። የተቃጠለው ዘይት ትራፊ ደግሞ በጭስ መውጫው በር ላይ የሚንሸራተተውን መቆጣጠሪያ ባልቦላ በጥቀርሻ ያጣብቀዋል። ባልቦላው ተዘግቶ ከቀረ ሞተሩ ከላይ ጉልበት ያጣል፤ ተከፍቶ ከቀረ ከታች ይደክማል። በየክረምቱ አንድ ጊዜ አውጥቶ ማጠብ በቂ ነው።

ቤንዚኑም ያስባል። እንደ ኮሎራዶ፣ ዩታና ዋዮሚንግ ባሉ የተራራ ክፍለ ግዛቶች «መደበኛ» ተብሎ የሚሸጠው በአሜሪካውያን አቆጣጠር 85 ኦክቴን ነው። ሻጮቹ ያለ ምክንያት አይደለም፤ በሳሳ አየር ውስጥ የሲሊንደሩ ግፊት ስለሚቀንስ ተራ መኪና ይሠራበታል። ብዙዎቹ የተራራ ስኖሞቢሎች ግን 91 ይጠይቃሉ፤ ዝቅተኛው ኦክቴን ካለጊዜው እየፈነዳ ፒስተኑን ይደበድበዋል። በቤንዚኑ ውስጥ የሚገኘው እስከ 10 ከመቶ የሚደርስ ኤታኖልም ድብልቁን በ4 ከመቶ ገደማ ያሳሳዋል፤ ይህ ብቻውን ጉዳት ባያደርስም ከላይ ከተጠቀሰው 13 ከመቶ ጋር ሲደመር ምን ሊሆን እንደሚችል ግልጽ ነው። ኤታኖል ውኃ የመሳብ ጠባይም አለው፤ ለወራት በታንከር የቆየ ቤንዚን ውኃው ተለይቶ ከታች ይተኛል፤ የካርቡራተሩን ትንሿን የዝቅተኛ ዙር ቀዳዳ የሚደፍነው ሙጫ የመሰለ ዝቃጭም ከዚሁ የቆየ ቤንዚን የሚመጣ ነው።

ጉልበቱን ከሞተር ወደ ሰንሰለት የሚያደርሰው ሰፊ ቺንጊያ በሁለት ፑሌጃዎች መካከል የሚሄድ ሲሆን፣ ፑሌጃዎቹ እየጠበቡና እየሰፉ ራሳቸው ማርሽ ይለውጣሉ። የፊተኛው በውስጡ ባሉት ክብደቶችና በሞላው ይታዘዛል። ለዝቅተኛ ቦታ የተመረጠ ክብደት በተራራ ላይ ለደከመው ሞተር ይከብደዋል፤ ስለዚህ እንደ ጄቶቹ ሁሉ ክብደቶቹም የቀድሞውን ባለቤት ከፍታ ያስታውሳሉ። እዚህ ላይ የዙር መለኪያው ታላቅ መርማሪ ነው። ፋብሪካው በሙሉ ነዳጅ 8,000 ዙር መድረስ አለበት ያለው ማሽን አቀበት ላይ 7,600 ብቻ የሚደርስ ከሆነ፣ ወይ ክብደቶቹ ለከፍታው አይስማሙም፣ ወይ ሞተሩ ራሱ ደክሟል። ዙሩ ከልኩ በላይ ሲፈናጠር ደግሞ ቺንጊያው መንሸራተቱን መጠርጠር ነው። የቺንጊያው ስፋት በየጊዜው ተለክቶ፣ የፑሌጃዎቹ ፊት በአልኮል ተጠርጎ፣ የሁለቱ ትይዩነት ከተስተካከለ በኋላም ችግሩ ከቀጠለ ነው ወደ ሞተሩ መመለስ የሚገባው። ቺንጊያ እየቆረጠ አዲስ ብቻ የሚገዛ ባለቤት ምልክቱን እንጂ በሽታውን አይነካም።

ስለ ማቀዝቀዣው ብዙ ማለት አያስፈልግም፤ አንድ ነገር ብቻ ልብ ይሏል። የማሽኑ ራዲያተር ከሰንሰለቱ በላይ የተዘረጋ ሲሆን፣ የሚቀዘቅዘው ሰንሰለቱ በሚረጭበት በረዶ ነው። በግግር በረዶ ወይም በተደመደመ መንገድ ላይ የሚረጭ ነገር ስለሌለ ሞተሩ ይግላል፤ ሰንሰለቱ የሚንሸራተትባቸው የፕላስቲክ ሐዲዶችም እርጥበት አጥተው ይቀልጣሉ። መሬቱን እየጫሩ የበረዶ ብናኝ የሚያነሡ የሞላ ሽቦዎች መግጠም በርካሽ የሚገኝ መድኃኒት ነው። ሌላው የብርድ ፈተና በማለዳ ይመጣል። በቀዘቀዘ ሞተር ላይ ወዲያው ሙሉ ነዳጅ ሲሰጥ ፒስተኑ በእሳት ፊት ስላለ ቶሎ ያብጣል፤ ሲሊንደሩ ግን ከቀዝቃዛው ፈሳሽ ጋር ስለሚነካካ ይዘገያል፤ ያቺ የሚሊ ሜትር አሥረኛ ክፍተት ትጠፋለች፤ ድብልቁ ሳይሳሳ፣ ዘይቱም ሳይጎድል ሞተሩ ይነክሳል። ፈሳሹ ለብ እስኪል ጥቂት ደቂቃ መታገሥ ይህን ያስቀራል። የማስተላለፊያው ሰንሰለት ቤት ዘይት በዓመት አንድ ጊዜ መለወጥ፣ የስኪዎቹን ቡሎኖች ማጥበቅ፣ በየመገጣጠሚያው ግራሶ መጨመር ማንም መካኒክ የሚያውቀው ስለሆነ በዚሁ ይታለፋል። በአምራቹ የጥሪ ማስታወቂያ የተነገረበት ማሽን ከሆነ ግን በመለያ ቁጥሩ ተጠይቆ ያልተሠራው ክፍል እንዲሠራ ማድረግ የአዲሱ ባለቤት ኃላፊነት ነው።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ለገንዘብ ሲባል ብቻ ቢሆን ኖሮ በዚህ መጠን ባላስፈለገ ነበር። የተራራ ስኖሞቢል በአንድ ሰዓት ውስጥ ነጂውን በእግር ለመመለስ አንድ ሙሉ ቀን ወደሚፈጅ ቦታ ያደርሰዋል። በላላ በረዶ ውስጥ ያለ ማሽን የቆመ ሰው እስከ ወገቡ እየሰጠመ ነው የሚራመደው። በጥር ወር በሰሜኑ ተራሮች ከቀትር በኋላ በ11 ሰዓት ጀምበር ትጠልቃለች፤ ብርዱም ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ይደርሳል። ከሁሉ የሚከፋው ግን ማሽኑ የሚቆምበትን ቦታ ነጂው የማይመርጥ መሆኑ ነው። በሙሉ ጉልበት አቀበት ሲወጣ የነከሰ ሞተር ነጂውን ጥሎት የሚቆየው በገደሉ ግንባር ላይ፣ የበረዶ ናዳ በሚወርድበት መንገድ መካከል ነው። ባልንጀራው ሊረዳው በወጣ ጊዜም በናዳው መንገድ ላይ ያሉት ሁለት ይሆናሉ። ልምድ ያላቸው ነጂዎች ናዳ የቀበረውን ሰው መፈለጊያ ሬዲዮ፣ አካፋና ረዥም መመርመሪያ ዘንግ ሳይዙ የማይወጡት ስለዚህ ነው። ከነዚህ ጋር በመቀመጫው ሥር ትርፍ ቺንጊያ፣ ሁለት ካንዴላ፣ የካንዴላ መፍቻ፣ የማስነሻ ገመድና መጎተቻ ገመድ ይኖራሉ። ትርፉ ቺንጊያ ቀደም ብሎ ለአንድ ቀን ያህል የተሠራበት ቢሆን ይመረጣል፤ ፍጹም አዲስ የሆነ ቺንጊያ ሳይለማመድ በአቀበት ላይ ሙሉ ጉልበት ሲጫንበት ቶሎ ይቃጠላልና።

በመጨረሻም ማሽኑ ከሚነዳበት ወራት የሚቆምባቸው ይበዛሉ፤ ብዙው ጉዳትም የሚደርሰው ያኔ ነው። በጸደይ ወራት ታንከሩ እርጥበት እንዳይዝ ይሞላል፤ ቤንዚኑ እንዳይበላሽ የሚያደርገው መድኃኒት ይጨመራል፤ ሞተሩ ጥቂት ደቂቃ ሠርቶ ይህ ቤንዚን ካርቡራተሩ ድረስ እንዲደርስ ይደረጋል። ከዚያ የማከማቻ ዘይት በአየር መግቢያው እየተረጨ ጭሱ እስኪወፍር ድረስ ይቆይና ይጠፋል። አንዳንድ ቀጥታ መርጫ ሞተሮች ይህን ሥራ በአዝራር ትእዛዝ ራሳቸው ይፈጽሙታል። ቺንጊያው ይወጣል፤ የሰንሰለቱ ክብደት ከመሬት ይነሣል። የአየር መግቢያውና የማርሚታው አፍ በሽቦ ወንፊት ወይም በጨርቅ ይደፈናል፤ አይጥ በአየር ማጣሪያው ቤት ጎጆዋን ትሠራለችና። በመከር ሸራው ሲገለጥ ከሁሉ አስቀድሞ የሚወጣው ይኸው ጨርቅ ነው፤ ጎጆው ተገኝቶ እንደሆነ ይጠረጋል፤ ካንዴላዎቹ ወጥተው ሞተሩ በማስነሻ ገመዱ ቀስ እያለ ጥቂት ዙር ይዞራል፤ አዲሱ ቤንዚን ይቀዳል፤ በካርቡራተሩም ውስጥ ያሉት ጄቶች የየትኛው ከፍታ እንደሆኑ ከደብተሩ ይታያል።